ዋስ እሆንሃለሁ ያልኩት ጎረቤቴ

በ2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2023 ማለት ነው፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ነገሩ የደረሰው እዚሁ ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በምንኖርበት ፎቅ ላይ ነው። ለሰው ሳወራው እኔን የሚያሳፍረውን እየዘለልኩ ነበር። ዛሬ እንደሆነው ልጻፈው።

ከእኛ በር ሁለት በር አልፎ አንድ ሰው ክፍል ተጋርቶ ይኖር ነበር። ስሙ ቱርሱን ነው። ኡይጉር ነኝ አለኝ፤ ቻይና አገር ያሉ እስላሞች ናቸው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ስካርቦሮ የሚባል ሰፈር ከሰው ጋር ምድር ቤት ውስጥ ተጨናንቀው ነበር።

የተዋወቅነው የገበያ ጋሪዬ ጎማ ፌርማታው ላይ ወልቆ ድንቹ ሁሉ ሲንከባለል ነው። ሽቦ ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ አስሮልኝ እስከ በሬ ገፋው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክብ ዳቦ ጋግሮ ያመጣልኛል። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ በመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ፤ እኔ የሆዴን አልደብቅም። ሳቀና፣ "ኦኬ አባባ፣ ኖ ሚት" አለኝ። አባባ ማለትን ከልጄ ሰምቶ ነው።

ኋላ በእኛ ሕንጻ አንድ ቤት ተለቀቀ። ቤተሰቡን ሊሰበስብበት ፈለገ። የሕንጻው ማኔጀር ግን፣ እዚህ አገር ተከራይተህ ስለማታውቅ ከቆየ ተከራይ አንድ ሰው ይናገርልህ አለችው። "እኔ አለሁልህ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ አብረን እንወርዳለን" አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀለ በመኪናው መለሰኝ። በቀለ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ቪዲዮ የሚያይ ጓደኛዬ ነው።

"ያ ዳቦ ጋጋሪህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለኝ።

"ጎረቤቴ ነዋ።"

"ጎረቤትህ አሜሪካኖች በሽብር ጠርጥረው ደሴት ላይ ስንት ዓመት ያሰሩት ሰው ነው። ቪዲዮ ላይ ሲናገር አየሁት፣ ራሱ ነው። ለእሱ ነው ዋስ የምትሆነው? ነገ አንድ ነገር ቢያደርግ በማን በር የሚመጡ ይመስልሃል?"

"ዝም በል ባክህ" አልኩት። ግን ጥርጣሬው ሆዴ ገባ። በእኛ አገር ሰውየው ከጠፋ የሚታሰረው ዋሱ ነው። ደግሞስ፣ እሳት በሌለበት ጭስ ከየት ይመጣል አልኩ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁት። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል።

"አባባ?" አለ። ትንፋሼን ዋጥኩ።

"አባባ፣ ኦኬ?" አመመው ብሎ ለእኔ ፈርቶልኝ ነው። ደግሞ አንኳኳ። ከዚያ ሄደ።

ልጄ ሰብለ ከሥራ ስትገባ፣ በቀለ ያለኝንና በሩን አለመክፈቴን ልክ እንዳደረገ ሰው ነገርኳት። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

"አባባ፣ ምን ነክቶዎት ነው? ሰውየው እኮ ምንም ሳያደርግ ነው የታሰረው። ሚስቱ ነግራኛለች። ከቻይና ሸሽቶ ሲወጣ የተጠጋቸው ሰዎች ናቸው ሽልማት ፈልገው ለአሜሪካን ወታደር የሰጡት። ጥፋት የለበትም ከተባለ በኋላ እንኳ የሚቀበለው አገር ጠፍቶ እዚያው ስንት ዓመት ከረመ።"

ስለ ጭሱ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ "እርስዎን ማን ነበር የጠቆመዎት?" አለችኝ።

 በደርግ ጊዜ ሰው ጠቁሞኝ ቀበሌ አስሮኛል። ምንም የለብህም ተብዬ ስወጣ፣ አብሮ አደጌ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። ከእስሩ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው። ይህን ለስንት ሰው አውርቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሕንጻው ፊት ካለው የአበባ መደብ ድንጋይ አነሳሁ። እኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ የቱርሱንን በር በክርኔ መታሁ።

ከፈተ። ድንጋዩን አየ። ቃል ሳይናገር ሁለት እጁን አናቱ ላይ አቆላልፎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እንደዚያ ቶሎ የሚዞር ሰው ብዙ ጊዜ ዙር የተባለ ሰው ነው። አውቀዋለሁ።

ድንጋዩን ወለሉ ላይ ጣልኩት። "ኖ፣ ኖ! ሶሪ! አይ ሶሪ!" እያልኩ አለቀስኩ። ቀስ ብሎ ዞረ፤ ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ። ነገሩ አልገባውም። "ኦፊስ፣ ናው" አልኩት። ጫማውን አደረገ።

ማኔጀሯ ቤቱ ትናንት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አለች።

"ሂ ኢዝ ጉድ ማን" አልኳት፣ ፓርኪንግ ስሠራ በለቀምኳት እንግሊዝኛ።

ገብቶኛል፣ ቤቱ ግን የለም አለችኝ።

"ጉድ ማን" አልኳት ደግሜ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ቤት እስካልፈለግሽለት አልነሳም አልኩ። ቱርሱን አጠገቤ ቆሞ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።