ሁለቴ «የለብህም» ያለው ምርመራ

ባለፈው ሳምንት ነፍሰ ጡሯ ልጄ ሀና ከሱዳኗ ገዳሪፍ ሆስፒታል እየተነጫነጨች ተመለሰች። ደህና ነሽ ያላት የደም ምርመራ በሌላ ዓይነት መሣሪያ ይደገም ብለዋታል። «ኸላስ፣ በቃ፣ አንዴ ተመርምሬያለሁ» አለችኝ። እኔ ግን ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። በገላባት ወደ ሱዳን ተሻግረን፣ እሱ ሰሊጥ ሲያጭድ እኔ በእርሻው ሰፈር፣ በካምቦው፣ ለሠራተኞቹ አሲዳ የሚሉትን ገንፎና የባሚያ ወጥ እሠራ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ሲጀምር ደረጀን ትኩሳት ያዘው። የወባ ኪኒን ዋጠ፤ አልለቀቀውም። ሰውነቱ መነመነ፣ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ ጠጠረ። ሁላችንም ካልታከሙት የሚገድለውን ካላዛርን ጠርጥረናል፤ ስሙን ለመጥራት የደፈረ ግን አልነበረም።

በጭነት መኪና ክሊኒክ ወሰድኩት። ከጣቱ የደም ጠብታ ወስደው ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ላይ አደረጉና «የለብህም» አሉት። እሱ ደስ አለው፤ የእኔ ልብ አልረጋ አለ። ትኩሳቱ ሲያገረሽበት ለምኜ መለስኩት። ያው ወረቀት፣ ያው መልስ።

ከዚያ በኋላ እምቢ አለ።

«ሁለቴ የለብህም ተብያለሁ። ሰሊጡ ሊረግፍ ነው፣ እቴ።»

«ታዲያ ይሄ ሆድ ምንድን ነው?»

«አንቺ ከሐኪም ታውቂያለሽ?»

መቀመጥ፣ መብላት አቃተኝ፤ ማሳው ዳር ስንጎራደድ አሲዳው አረረ። በመጨረሻ ደረጀ ካልታከመ ምድጃ እንደማልለኩስ ለሠራተኞቹ ነገርኳቸው። ቁርስ ጠብቀው፣ ምሳ ጠብቀው ቢያጡ፣ ራሳቸው ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት።

ክሊኒኩ ውስጥ አማርኛ የሚሞክር አንድ አዛውንት ሱዳናዊ ሐኪም አገኘን።

«ያንኑ ምርመራ ይድገሙልን» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያላየ ምስክር ደጋግመሽ ብትጠይቂው አላየሁም ነው የሚልሽ» አሉኝ። «ሌላ ምስክር እንጠይቅ።»

ከአጥንቱ መቅኔ ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩ። ካላዛር ነበር።

ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሰዎቹ ዛሬ ምን በሉ?» አለኝ።

መርፌው ሲያቃጥለው ሰነበተ። ሰሊጡ እኩሌታው ሳይታጨድ ረገፈ፤ ወንድሜ ግን ተረፈ። ዛሬ መተማ የልጅ ልጆች አቅፏል።

ሀና ይህን ሰምታ፣ «ሌላው ምርመራስ ቢሳሳት?» አለችኝ። ሊሳሳት ይችላል፤ የሰው ሥራ ነው። እኔን እስከዛሬ የሚያባንነኝ ሌላ ነው፦ ደረጀ ያን «የለብህም» ምን ያህል ሊያምነው እንደፈለገ። ክፉ ወሬ ሲመጣ ሁላችንም እውነት ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። ደግ ወሬን ግን ማን ይጠይቀዋል?