የመብራት ጠባቂው ቀልድ

አስጎብኚው እንግዶቹን በኤሌክትሪክ ብስክሌት አስከትሎ ወደብ ዳር ሲደርስ ሁሌም የሚያስቅባት ቀልድ ነበረችው። ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን የወደቡን መብራት የሚጠብቀው ሰው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት፣ መርከብ ከዓለት ጋር ተላትማ መስጠሟን እንደ ጠባቂው እያንኮራፋ ጭምር ይተርካል። ያን ቀን እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ፣ ከበላያቸው ልብስ ያሰጡ የነበሩ አሮጊት በመስኮት ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ባሌ አልተኛም። ትኩሳት ጥሎት ነው" አሉት።

ፊቱ ፍም መሰለ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚሁ ደጃቸው ሲያላግጥባቸው መኖሩ ያን ጊዜ ገባው።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅኩም።"

"እኔስ ለምጄዋለሁ። የልጅ ልጆቼ ናቸው አንተ ስትመጣ ጆሯቸውን የሚይዙት።"

ቀልዷን ከዚያ ወዲያ አላነሳትም። በዚያ ሰፈር ሲያልፍ ግን ዛሬም አንገቱን ደፍቶ ነው፤ እንግዶቹ የደከመው ይመስላቸዋል።