የኮሪደሩ ተኩስ አቁም

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሳይማር ጠበቃ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ጎናችን ነው። ሻይ ቤት ስንገባ አጠገባችን የሚቀመጡት ከሳሽና ተከሳሽ ስለሆኑ ቋንቋቸው ይጋባብናል። እንቁላል የምትሸጥልን ሴትዮ እንኳ ዋጋ ቀንሺ ስንላት «ይግባኝ የለውም» ነው የምትለው። እኔና ጎረቤቴ በኮሪደር የተነሳ ስንጣላ ነገሩ የሁለት ሴቶች ጭቅጭቅ መሆኑ ቀርቶ የሁለት መንግሥታት ጉዳይ የሆነው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

ጎረቤቴ ከወሎ የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሰንጋ ተራ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ ልጅ አላት፤ እሱም ወታደር ሆኖ ሰሜን ድንበር ላይ ነው። እዚያ ጦርነቱ አብቅቶ ተኩስ አቁም ተፈርሟል። ተኩሱ መቆሙን የሰማው ግን የተፈረመበት ወረቀት ብቻ ይመስለኛል። ዜናው «ጥቃቅን ትንኮሳዎች» ይላል። ትንኮሳ ስንት ሰው ሲያቆስል ከጥቃቅንነት እንደሚወጣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ልጁ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እናቱ ስለዚህ አታወራም። ስትጠየቅ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ በሯን ትዘጋለች።

የእኛ ጦርነት የተነሳው በኮሪደሩ ጫፍ ባለው መስኮት ነው። መስኮቱ በእኔ በር በኩል ነው፤ አበባዬን የማስቀምጠውም በርበሬዬን የማሰጣውም እዚያ ነው። አንድ ጠዋት ስወጣ የእሷ በርጩማ መስኮቱ ስር ተቀምጦ አገኘሁት። አንስቼ በሯ ላይ መለስኩላት። በማግስቱ በርጩማው ተመልሷል፤ የበርበሬ ሰፌዴ ደግሞ ተነስቶ ጥግ ተጥሏል። ጮህኩ። እሷም ጮኸች።

የሕንጻው ሽማግሌዎች ጣልቃ ገቡ። የእድራችን ዳኛ አሉ፣ ፍርድ ቤት የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፣ ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው ሐጂም አሉ። ብዙ ከተመካከሩ በኋላ ሲሚንቶው ላይ በኖራ መስመር አሰመሩ። ወዲህ የእኔ፣ ወዲያ የእሷ ሆነ። ተሳሳምን፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ሰላሙ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ከእሷ በኩል የመወልወያ ውሃ ሰርጎ ገባ። እኔም ተመጣጣኝ ምላሽ ሰጠሁ፤ ያጠብኩትን ምንጣፍ ከመስመሩ በላይ ገመድ ወጥሬ አንጠለጠልኩና ወደ እሷ እንዲንጠባጠብ ተውኩት። ጫማም ተወርውሯል። ማን እንደጀመረ ሁለታችንም እናውቃለን፣ መልሳችን ግን አይገጥምም። ይህ ሁሉ ሲሆን ያ በርጩማ ድንበር ከመጣስ ያረፈበት ቀን የለም። ቢቸግረኝ ለሽማግሌዎቹ አቤት አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ሊያነጋግሯት ተስማሙ። ገና ጎህ ሳይቀድ ሦስቱም ጋቢያቸውን ደርበው ደረጃውን ወጡ። ሰው እንዳይቀሰቅሱ ብለው ድምፃቸውን አጥፍተዋል፤ ጨዋነት መሆኑ ነው። በእድሩ ዳኛ መሪነት በሯን ቀስ ብለው አንኳኩ። ከሦስቱ አንዳቸውም፣ ያን ሁሉ መርዶ ያረዱ ሰዎች፣ ልጇ ድንበር ላይ ያለ እናት በሯን ከፍታ ስታያቸው ምን እንደምታስብ አልታያቸውም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነው። በማለዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ በር ሲከፈትም ማንም ቶሎ አፉን አይከፍትም።

ጩኸቷን ሰምቼ ስወጣ መሬት ላይ ናት። ሻሿ ወድቋል፣ ደረቷን ትደቃለች። ከታች ያሉት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ይወጣሉ። አንዷ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ሙሾዋን ጀምራለች፤ አንዱ የእድሩን ድንኳን ሊያወጣ ቁልፍ ይፈልጋል። የእድሩ ዳኛ «ኧረ በበርጩማው ጉዳይ ነው! በበርጩማው!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው።

ሰው ጥሼ ገብቼ እጇን ያዝኩ። «ልጅሽ ምንም አልሆነም! ስለ በርጩማሽ ነው የመጡት። የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«ስለ በርጩማዬ?» አለች።

«ይቅር በይን ልጄ» አሉ ሐጂ፣ የሚገቡበት ጠፍቷቸው። «ሥራ ከመግባታችን በፊት እንድረስ ብለን እኮ ነው።»

እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ቤቴ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ከመስኮቱ ስር በቀር የትም አይዝም። ደውሎ ቢያጣኝስ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺን ልለማመጥ?»

እውነቷን ነው፣ እኔም ብሆን እሷን አልለማመጥም። አንጀቴን ግን በላችው። በርበሬዬን ሰብስቤ ወደ ቤቴ አስገባሁ። ሽማግሌዎቹ ውይይቱ ፍሬያማ እንደነበር ተነጋግረው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ በርጩማው መስኮቱ ስር፣ ስልኳም በርጩማው ላይ መዋል ጀመረ። እሷ ቤት ስትገባ እኔ ዓይኔን ከስልኩ አልነቅልም። የመወልወያው ውሃ አሁንም ይመጣል፣ እኔም ዝም አልልም፤ ተስማማን እንጂ አልተዋደድንም።

አንድ ቀን እሷ ሶላት ላይ ሳለች ስልኩ ጠራ። ዘልዬ አነሳሁት።

«እማዬ?»

«ጎረቤቷ ነኝ ልጄ። እየሰገደች ነው፣ አሁን ትመጣለች። እንዳትዘጋው!»

«ሰላም ናችሁ?» አለኝ። እሱ እኛን!

«እኛማ ሰላም ነን። አንተስ?»

«ሰላም ነው። ተኩስ አቁም ነው እኮ።»

ይህን እያለ ከኋላው አንድ ነገር ፈነዳ። ሰዎች ሲጯጯሁ ሰማሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደል። ጥቃቅን ነገር ነው» አለኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ጎረቤቴ የስግደት ልብሷን እንደለበሰች፣ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። «እሱ ነው? ምን አለሽ?»

ያን ሁሉ ጊዜ በዜና አንባቢው ስሳለቅ ኖሬ ተራው የእኔ ሆነ።

«ሰላም ነው አለ» አልኳት።

ስልኩን ተቀብላኝ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እኔም ከአጠገቧ፣ የኖራው መስመር ላይ ቁጭ አልኩ። መልሶ ይደውላል ብለን ጠበቅን።