ልብስ ሰፊው የብየዳ ማሽን ሲመርጥ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው ብዬ ነው። ደንበኛ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ስፌቱን በሁለት እጁ ይዞ ይጎትተዋል። ካልተተረተረ ያስረክባል። ከተተረተረ እዚያው ደንበኛው ፊት ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። አንድ ሙሽራ ሚዜዎቹ ውጭ መኪና አስነስተው እየጠበቁት በካልሲ ቆሞ ሱሪው እስኪሰፋ ጠብቋል።

ይህ ሰው መኪና ልሠራ ነው አለ።

ምክንያት ነበረው። እናታችን የምትኖረው ተራራው ላይ ነው፤ የመኪና መንገዱ ደግሞ ታች ወንዙ ጋ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይና አቀበት ነው። እኔ በእግሬ እወጣለሁ። እህቴ ግን ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ ከአልጋ እስከ ወንበር መድረስም ጉዞ ሆኖባታል። እናታችን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አትልም፤ እርጅናውም መርሳት አምጥቷል። ባለፈው ስሄድ በሟች አክስቴ ስም ጠራችኝ። እህቴ ይህን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ሳትረሳት በፊት ልታያት።

ባልየው የአሮጌ ፒክአፕ ሻንሲና ሞተር ገዝቶ ከስፌት ክፍሉ ጎን ያለው ጋራዥ ውስጥ አስገባ። ትልልቅ ጎማ አገኘ። ለእህቴ የሚመች ወንበር፣ ብትገለበጥ እንኳ የሚይዛት የብረት ከለላ አሰበ። የቀረው ብየዳ ነበር። ብየዳ ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽን ምርጫ ይፈልጋል። ነገሩ እዚህ ላይ ቆመ።

ያልተዋሰው ማሽን የለም። ሁለት ቁራጭ ብረት ያጣብቃል፤ ማስኩን አውልቆ የስፌት መነጽሩን ያደርጋል፤ ብየዳውን በጥፍሩ ይዳብሳል። “ጠማማ ነው” ይላል። ማሽኑን ይመልሳል። ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ፤ ሻንሲው ላይ ድመት ወለደች።

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አላት አንድ ቀን።

“እንቁላሉስ ይሂድ” አለች እህቴ፤ “እግር ያጣሁት እኔ ነኝ።”

ከመንገዱ ማዶ በያጅ አለ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። “ጋሼ፣ ለወፍራም ብረት በኤሌክትሮድ የሚበይደውን ይያዙ” አለው። “መልኩ አያምርም። ግን ይነክሳል።” የእህቴ ባል የሰውየውን ሸሚዝ አየ። በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። እንዲህ የሚለብስ ሰው ስለ መገጣጠም ምን ያውቃል ብሎ በልቡ አሰናበተው።

የገዛው ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚያወጣ ትንሽ ማሽን ነው። ሽቦው ከተጠቀለለበት እንደ ክር እየተፈታ ይመጣል። ይህን ሲያይ ልቡ ሸፈተ። በያጁ “እሱ ለስስ ላሜራ ነው ጋሼ” ቢለው ማን ሰምቶ።

በዚሁ ማሽን ወንበሩን ሻንሲው ላይ በየደው። እውነቱን ልናገር፤ ያምር ነበር። ብየዳው እኩል፣ ቀጥ ያለ፣ ጥልፍ የመሰለ። ጎረቤት እየመጣ አየ። እህቴም በረንዳው ላይ ወንበሯን አስወጥታ አየች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ የእህቴ ባል ልማዱ ነውና ስፌቱን ልጎትት አለ። አዲሱን ወንበር በብረት ካቦ ከዛፍ ጋር አሰረና ሞተሩን አስነስቶ ወደፊት ነዳ።

መኪናው ሄደ። ወንበሩ ቀረ።

በያጁ መንገዱን ተሻግሮ መጣና የተላቀቀውን ብረት ገልብጦ አየው። ብየዳው ሳይበላሽ ሙሉውን ተነቅሏል። “ላዩ ላይ ነው የተኛው፤ ውስጥ አልገባም” አለና ተመልሶ ሄደ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእህቴን ባል ፊት አየሁና ዋጥኩት። ጎማው ሥር ተቀምጦ ዓይኑን ከወንበሩ ሊያነሳ አልቻለም፤ በሐሳቡ እህቴን እዚያ ላይ አስቀምጦ እያየ ነበር። አሳዘነኝ። ማሳዘኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

“ና ወዲህ” አለችው እህቴ ከበረንዳው። “የሚያምረውን ዕድሜ ልኬን አልብሰኸኛል። አሁን የማይተረተረውን ስጠኝ።”

በማግስቱ ማሽኑን ወስዶ በኤሌክትሮድ በሚበይደው ለወጠው። ለሁለት ተሸክመን አስገባነው። እሱ ሲበይድ መብራቱ ስለማይችል ፍሪጁ ይነቀላል፣ ካውያ አይነካም፤ የደንበኛ ሱሪ ሁሉ እንደተጨማደደ ሄደ። ብየዳው ዶሮ የጫረው ይመስላል። ግን እያንዳንዱን ጎተተው፤ ካቦው ተበጠሰ እንጂ ብየዳው አልተነቃነቀም። እሱም አስቀያሚውን ላለማየት ለወንበሩ የጨርቅ ልብስ ሰፋለት፤ በድርብ ስፌት።

ወጣን። አቀበቱ ላይ እህቴ አንዴ ጮኸች፣ አንዴ ሳቀች፣ ሌላውን መንገድ ሁሉ ከለላውን እንደጨበጠች ነበር። የሞተሩ ድምፅ እናታችንን ከቤት አወጣት። ተጠግታ የእህቴን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

“የማን ልጅ ነሽ? ልጄን ትመስያለሽ።”

“እኔ ነኝ እማዬ።”

“አይደለሽም” አለች እናቴ፣ ጉንጯን እየዳበሰች። “እሷ ታማለች። እዚህ ድረስ መውጣት አትችልም እንጂ ብትችል ትመጣ ነበር።”

እህቴ እንባዋን አልጠረገችም። “ልክ ነሽ እማዬ፤ አትችልም። ባሏ ነው መኪና ሠርቶ ያመጣት።”

እናቴ ዞር ብላ ልብስ ሰፊውን አየችው።

“ታዲያ እስካሁን ምን ሲያደርግ ቆየ?” አለች።

ስለ ማሽን ሲጠየቅ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ሰው ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ልብስ ስፌት መጎተት ጀመረ።