ጳጉሜን የረሳው ገጽ

ዘኒ ሞተች አሉኝ። "የቷ ዘኒ?" አልኩ እንደ ጅል። ከተማችን ራቤል ውስጥ ስንት ዘኒ አለችና!

ለማታውቋት፣ ዘኒ ማለት ዘነበች ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ናት። ኢንተርኔት ላይ መመዝገብ፣ ውጤት ማየት፣ ቀጠሮ መያዝ ያቃተው ሁሉ እሷ ጋ ነበር የሚሄደው። እኔ እዚያው ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ ሳልቀመጥ ቤቴ አልገባም ነበር።

ይቅርታ፣ ዛሬ ማልቀስ አልቻልኩም። ተናድጃለሁ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት የልጃቸውን የፈተና ውጤት ሊያዩ መጡ። ዘኒ ሰው ራሱ ሲሞክር ደስ ይላታልና ማውዙን ሰጠቻቸው። የውጤት ማያው ገጽ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ አለና የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ምረጡ ብሎ አዘዘ። የትራፊክ መብራት ራቤል ውስጥ የት አለ? ሳቱ። ደግመው ሳቱ። ገጹ ተዘጋባቸው።

"አበላሸሁብሽ መሰል፣ ይቅር በይኝ ልጄ" አሏት፣ ላብ አጥምቋቸው።

ዘኒ ብድግ አለች። "እርስዎ ምን አጠፉ አባቴ? ያጠፋው ገጹ ነው!"

ይህን ለስንቱ ስትል ሰምቻለሁ። ሰው ሲሸማቀቅ ማየት አትወድም ነበር። ቀላል ገጽ ያገኘች ዕለት ግን፣ ጥርት ያለ አማርኛ፣ አንድ ቁጥር ማስገቢያ፣ አንድ ትልቅ ቁልፍ ያለው፣ ፊቷ ይበራል። "ይኼን የሠራው ልጅ እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሠራው!" ትላለች።

ከዚያ ልቧን ታመመች። ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም አዲስ አበባ ልዩ ሐኪም እንዲያያት ጻፈላት። ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባለ።

ዘኒ የተወለደችው ጳጉሜ ሦስት ነው፤ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጁ ሁሉ ዝናቡ ጠበል ነው ብሎ ደጅ ሲጨፍር። ስሟም የወጣው በዚያ ዝናብ ነው። የሆስፒታሉ ገጽ ላይ የትውልድ ወር ምረጡ ሲል ከመስከረም እስከ ነሐሴ ደርድሮ ያበቃል። ጳጉሜ የለም! ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ለኢትዮጵያውያን በተሠራ ገጽ!

ሌላ መውጫ አልነበራትም፤ ነሐሴን መረጠች። ቀጠሮዋ ሲደርስ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ፣ ትንፋሽ እያጠራት አዲስ አበባ ገባች። መታወቂያዋ ጳጉሜ ይላል፣ ቀጠሮው ነሐሴ ይላል። "አይመሳሰልም፤ አስተካክለሽ እንደገና ያዢ" አሏት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሠራተኞች። እንደገና ስትሞክር ገጹ "ቀድሞ ተመዝግበዋል" ብሎ መለሳት። ገጹ ላይ ያለው ስልክ አይነሳም።

ሞከርን። እኔም ጎረቤቶቿም ኮምፒውተሯ ላይ ተራ በተራ ተቀምጠን ሞከርን። ዛሬ ንጋት ላይ ሞተች።

ያንን ገጽ የሠራህ ሰው፣ የት እንዳለህ አላውቅም። አንድ ወር ነው የረሳኸው። እናትህን አጠገብህ አስቀምጠህ ቢሆን ኖሮ "ልጄ፣ ጳጉሜስ?" ትልህ ነበር። ከቁብ ሳትቆጥረን ሠራኸው፤ እኛ ደግሞ ሰው ቀበርን።

ዘኒዬ፣ የለቅሶ ማስታወቂያሽን ሱቅሽ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በእስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ "ጳጉሜ ሦስት ቀን ተወለደች" ብዬ ጻፍኩ። አይመሳሰልም ያለኝ የለም።

አንቺ ምንም አላጠፋሽም እህቴ። ደህና ሁኚ።