ሥጋ አይቶ የተቀመጠው ውሻ

ዛሬ ቢሮ አንድ ባለጉዳይ ተራውን ሲጠብቅ እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ሌላው ሰው ሁሉ ተበሳጨበት። እኔ ግን፣ ምን ልበልሽ፣ እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ። የተቀቀለ ሳንባ ሽታም አፍንጫዬ ላይ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ!

ቤታችን አምቦ፣ ሁሉቃ ወንዝ አጠገብ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። ቡናማ ትልቅ ውሻ ነበረን። ስሙን "ምን አገባው" ብሎ ያወጣለት አባቴ ሲሆን፣ ስሙ በአጥር ለሚዋሰኑንና ከእሱ ጋር ለተኳረፉት ሽማግሌ የተላከ መልእክት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሽማግሌውም ጥቁር ውሻ ነበራቸው። በእኛ ሰፈር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ሲያጠፋ ዱላ ይቀምሳል። ከዚያ ያለፈ ትምህርት የሚያስብለት አልነበረም።

አንድ ቀን መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ አለፈ። ለባዘኑ ውሾች መርዝ ያለው ሥጋ ሊጣል ነውና የራሳችሁን እሰሩ ይላል፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። የእኛ ደግሞ ገመድ የሚባል አይበግረውም፣ አኝኮ ይበጥሳል። ሰንሰለት ስናስርለት አንገቱን ልጦ አቆሰለው። አባቴን ምን ይሻላል ብለው "ምን ላድርግ ልጄ፣ ዕድሉ ነው" አለኝ። አኮረፍኩት። ምግብም አልበላ አልኩ።

ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር የግብርና ተማሪ ነበር፤ ከደንዲ ወረዳ የመጣ፣ ዝምተኛ። ልቅሶዬ ሲሰለቸው ነው መሰለኝ ወጥቶ "መሬት ላይ ያገኘውን ሳይፈቀድለት እንዳይበላ እናስተምረው" አለኝ። ከሸሚዝ ኪሱ ተጫኝ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። ዘዴውን መጽሐፍ ላይ አንብቦታል። ውሻው ደህና ነገር ባደረገባት ቅጽበት ቀጭ ታደርጊያለሽ፣ ወዲያው ትሸልሚዋለሽ። "ቀጭ ካደረግሽ ሳትሰጪው እንዳትቀሪ። አንዴ ከዋሸሽው አያምንሽም" አለኝ።

ከልኳንዳ ሳንባ ገዝቼ ቀቀልኩና በትንንሹ ከትፌ ኪሴ ከተትኩ። መጀመሪያ በጭብጤ ያዝኩለት። አሸተተ፣ ላሰ፣ በእግሩ ቧጠጠኝ። ሰልችቶት ፊቱን ሲያዞር ቀጭ፣ ከሌላኛው እጄ ሰጠሁት። ቀጥሎ መሬት ላይ አድርጌ በጫማዬ ሸፈንኩት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ገና ጫማዬን ሳነሳ ላፍ አደረገብኝ፤ ብልጭ ብሎብኝ ጮህኩበት፣ በእርግጫም ነካሁት። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ አልደርስ አለ። አፈርኩ። እንደገና ከጭብጤ ጀመርን። ውሎ አድሮ ጫማዬን ባነሳም ቁጭ ብሎ፣ ቀጭ እስክል ዓይን ዓይኔን ማየት ለመደ።

ሽማግሌው በአጥር በኩል ያዩናል። አንድ ከሰዓት "ኢንታላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ፊደል እያስቆጠርሽው ነው?" አባቴ ከበረንዳው ሳቀ። ሁለቱ በአንድ ነገር አብረው ሲስቁ ከዓመት በኋላ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ያውም በኔ። ሳቁብኝ እንጂ ምን ይደረግ።

ከዚያ አንድ ማለዳ እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ለጸሎት ስትወጣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች። ነቅቼ ሳይ የተበጠሰ ገመድ ብቻ ቀርቷል። እስክሪብቶዋን ከትራሴ ሥር መንጭቄ በሌሊት ልብሴ ሮጥኩ። ወንዙ ላይ ጉም ተኝቷል፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ድልድዩ ጋ የሽማግሌው ጥቁር ውሻ በጎኑ ወድቋል። አፉ አረፋ ደፍቋል።

ትንሽ አለፍ ብሎ የእኛ ውሻ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጭብጥ የሚያህል ቀይ ሥጋ አለ። ለሃጩ ይንጠባጠባል። እሱ ግን የሚያየው ሥጋውን ሳይሆን እኔ የምመጣበትን መንገድ ነው። ስንት ሰዓት እንዲያ እንደቆየ እንጃ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ተውኩት፣ ከደነገጠ ያነሳዋል ብዬ። መጀመሪያ ብጫን እንቢ አለኝ። በሁለተኛው ቀጭ አለ።

ሥጋውን ትቶ መጣ። የምሰጠው ግን ምንም አልያዝኩም! ባዶ መዳፌን እያሸተተ እኔ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ቤት እስክንደርስ "እሰጥሃለሁ፣ እሰጥሃለሁ" እያልኩት ሄድን። ለሳምንት የተቀቀለውን ሳንባ ከነድስቱ አቀረብኩለት።

ቀትር ላይ ሽማግሌው ውሻቸውን ቀብረው፣ እጃቸው አፈር እንደሆነ በእኛ በር ገቡ። አባቴ ወንበር አወጣላቸው፣ እጃቸውንም አስታጠባቸው። የእኛን ውሻ ትኩር ብለው አዩት።

"የኔም ይችል ነበር?" አሉኝ።

"ይችል ነበር፣ አባባ" አልኳቸው። ልጅነት ነው። ዛሬ ቢሆን ሌላ ነገር እል ነበር።

አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ወር ያህል ቆይቶ፣ ከጊንጪ ገበያ ሲመለሱ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ወደ እኛ መጡ። ኮታቸውን ሲከፍቱ ዓይኑ ገና የተገለጠ ቡችላ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

"ለዚህኛው ሳይረፍድ ጀምሪልኝ" አሉኝ።