በ«ፈ» የሚጀምር፣ ሦስት ፊደል

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእንግሊዝኛ ቃል ታድናለች። ዛሬም «በኤች የሚጀምር፣ አምስት ፊደል! ሀውስ! ሀርት! ሆርስ!» እያለች ስትዘል ልቤ አብሯት ዘለለ።

እኛም እኮ ተጫውተነዋል! የባሌዋ ጎባ ገና የወታደር ሰፈር ሳለች፣ የኔታ እኛ ግቢ ፊደል ሲያስተምሩን አንድ ቀን «በፈ የሚጀምር፣ ሦስት ፊደል! የመጨረሻውን ቃል ያገኘ የሪራ ጫካ ማር ይበላል» አሉ።

«ፈትል!» «ፈንታ!» ተጯጯህን። እኔ «ፈረስ!» ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል ያገኘ ጠፋ። ማሩ የእኔ ሆነ! ያኔ የገባራችን ልጅ ጫልቱ፣ ያመጣችውን እንጨት እንደተሸከመች «ፈርዳ!» አለች። በኦሮምኛ ፈረስ ማለት ነው።

«የእኛ ቃል አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ።

የኔታ በጣታቸው ቆጠሩ። ደጅ የታሰረውን የአባቴን ፈረስ አየት አደረጉና፣ «ፈረሱን ከአባቷ ስንወስድ የእኛ አይደለም ብለን ነበር?» አሉኝ። ማሩንም ለጫልቱ ሰጧት። እኔ የገባኝ ማሩ ማምለጡ ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ሆርስ እኮ ፈረስ ማለት ነው!» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«የማን ፈረስ?» አልኳት።